ሐውልቶች ሲጓዙ፦ ከለገሃር እስከ መቅደላ

ሐሙስ

በለገሃር አደባባይ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሮምን አይቶ የተመለሰ አንበሳ ነው። ጉዞዬን ከእሱ የጀመርኩትም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለንጉሥ፣ ለጀግናና ለሰማዕት የቆሙ ሐውልቶች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከእነዚህ መካከል ራሳቸው ታሪክ የደረሰባቸውን፣ ማለትም የተማረኩትን፣ የተቀበሩትን፣ ከቦታቸው ተነሥተው የተመለሱትን፣ በጠላት እጅ ተጀምረው በባለአገሩ እጅ የተጨረሱትን ነጥዬ ለማየት ተነሣሁ። የሐውልት ጉብኝት ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ዓመተ ምሕረት ማንበብ ሆኖ ይቀራል፤ ሐውልቱ ራሱ ምን እንደ ደረሰበት ሲጠየቅ ግን ጨዋታው ይለወጣል።

አንበሳውን የሠራው ፈረንሳዊው ቀራፂ ዦርዥ ጋርዴ ነው። የቆመውም በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በተከበረበት ሰሞን ነው። ቦታው እንዲያው በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ለበዓሉ ከጅቡቲ በባቡር የመጡ የውጭ መንግሥታት እንግዶች ከጣቢያው ሲወጡ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው ዘውድ በደፋው በዚህ ወርቃማ አንበሳ ላይ ነበር። ጠጋ ብሎ ላየው ደግሞ የቆመበት ድንጋይ በራሱ የቤተ መንግሥት የዘር ሐረግ ነው፤ በየገጹ አፄ ምኒልክ፣ ንግሥት ዘውዲቱ፣ ራስ መኰንንና ራሳቸው ኃይለ ሥላሴ ተቀርፀዋል። በአደባባዩ የሚያልፈው ሰው ወደ ላይ አንበሳውን እንጂ ወደ ታች ድንጋዩን ስለማያይ፣ እነዚህ ምስሎች ከተማው መሐል ቆመው ሰው ሳያያቸው የሚውሉ ሆነዋል።

አንበሳው በቆመ ስድስት ዓመት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ከተማዋን ከያዘ በኋላ አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮም ጫነው፤ እዚያም በዶጋሊ መታሰቢያ ሥር አቆመው። የዶጋሊ መታሰቢያ የተሠራው በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ነውና፣ የግማሽ ምዕት ዓመት ቁጭታቸውን በተማረከ አንበሳ ሊያበርዱ መፈለጋቸው ግልጽ ነው። የሚያስቀው ነገር ያ መታሰቢያ ራሱ ከግብፅ የሄደ ጥንታዊ የድንጋይ ዐምድ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ ከአፍሪካ የመጡ ሁለት እንግዶች፣ አንዱ በሌላው እግር ሥር፣ የማያውቁትን ሰው ሐዘን ሲጠብቁ ይውሉ ነበር።

የዘርዓይ ደረስ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኤርትራ ውስጥ ተወልዶ በአስተርጓሚነት ጣሊያን አገር የነበረው ይህ ወጣት፣ በሰኔ 1930 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ አንበሳውን ባየ ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት በመጡት ላይም ሰይፉን መዘዘ። በአገራችን ሲነገር የኖረው ብዙ የፋሺስት ሹማምንትን ገድሎ እዚያው ወደቀ የሚል ነው። ሰነዶች የሚያሳዩት ግን ሰዎችን አቁስሎ ከተያዘ በኋላ በሲሲሊ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተዘግቶበት በ1937 ዓ.ም. እዚያው መሞቱን ነው። እንደ እኔ አስተያየት ይህኛው ከሚነገረው የበለጠ ይከብዳል፤ በአደባባይ በአንድ ቀን ከመሞት ይልቅ ለሰባት ዓመታት እብድ ተብሎ መታሰር የባሰ ቅጣት ነውና።

አንበሳው ከብዙ ድርድር በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተመልሶ የቀድሞ ቦታውን ያዘ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የዘውድ ምልክት ነው ብሎ ሊያነሣው አስቦ እንደነበርና የቀድሞ አርበኞች የዘርዓይን ነገር አንሥተው እንዳስቀሩት ይነገራል። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ አገር በሙሉ ነቅሎ ወጥቶ ነበር፤ ከእሱ በፊት ያንኑ መንገድ የተመለሰው ይህ አንበሳ ግን ዛሬ የታክሲ ረዳቶች አቅጣጫ የሚጠቁሙበት ምልክት ሆኖ ኑሮውን ይገፋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጀርባው በኩል ዞራ ፊቱ ጥላ እስኪያጠላበት ድረስ ከአጥሩ ሥር ቆየሁ።

ዓርብ

ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ መውጣት ለእግረኛ ጥሩ መንገድ ነው፤ ዳገቱ ረጅም ቢሆንም አይከብድም፣ በየመሀሉም የሚያቆም ነገር አለ። የመጀመሪያው ማረፊያዬ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ሌላው አንበሳ ነበር። ይህኛው ሞሪስ ካልካ የተባለ በፈረንሳይ የኖረ ቀራፂ ለኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥና በዓል በ1948 ዓ.ም. የሠራው ነው። የለገሃሩን አይቶ ወደዚህ የመጣ ሰው ሁለቱም አንበሳ መባላቸው ሊገርመው ይችላል። የለገሃሩ ጎፈሩ ተበጥሮ፣ ጡንቻው ተቆጥሮ፣ ሕያው አንበሳ ይመስላል፤ ይህ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በመስመርና በማዕዘን የተጠረበ፣ ከእንስሳ ይልቅ ወደ ሕንፃ የሚቀርብ ግዙፍ ድንጋይ ነው። ጎፈሩን ጠጋ ብዬ ሳየው ፀጉር ሳይሆን በሥርዓት የተደረደረ ጌጥ ነው፤ ፊቱም የአንበሳ ቁጣ ሳይሆን የዘበኛ ዝምታ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 25 ዓመት ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው ተመልሰዋል፣ የዓለም የቅርፃ ቅርፅ ጥበብም መልኩን ለውጧል። በአንድ ጎዳና ላይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ ይህን ያህል ለውጥ የሚታይበት ቦታ በከተማዋ ብዙ የለም።

ከዚያ በላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት ነው። የሰሜን ኮሪያው ማንሱዴ የጥበብ ድርጅት የሠራው ይህ መታሰቢያ በመስከረም 1977 ዓ.ም. በአብዮቱ 10ኛ ዓመት የተመረቀ ሲሆን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች የቆመ ነው። ከፍ ያለው ዐምድና ጫፉ ላይ ያለው ኮከብ ከሩቅ ይታያል። ለእኔ የሚበልጠው ግን በግራና በቀኝ ያለው የግድግዳ ቅርፅ ነው፤ ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ሴቲቱ፣ ሕፃኑ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተመለከቱ ይሄዳሉ። ፊቶቹን ትኩር ብሎ ያየ ሰው የፒዮንግያንግ ቀራፂዎች የሐበሻን መልክ ለመያዝ ምን ያህል እንደለፉና የት የት ላይ እንዳመለጣቸው ለመለየት አይቸገርም። የኩባውያኑ ወታደሮች ፎቶግራፎች ከስማቸው ጋር በቦታው መኖራቸው ደግሞ መታሰቢያውን ከሌሎቹ ይለየዋል። ከካሪቢያን ባሕር ተነሥቶ ኦጋዴን ላይ የወደቀ የ20 ዓመት ወጣት ፊት እዚህ ቸርችል ጎዳና ዳር መገኘቱ፣ የዚያን ዘመን የዓለም ፖለቲካ ከብዙ መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል።

ጎዳናው ሽቅብ ሲቀጥል ቴዎድሮስ አደባባይ ይደርሳል። በአደባባዩ ላይ ሰው የለም፣ ፈረስ የለም፣ ዘውድም የለም፤ ያለው መድፍ ብቻ ነው። ንጉሥን በራሱ ምስል ሳይሆን በመድፉ ማስታወስ ለየት ያለ ምርጫ ነው፤ እኔም በከተማዋ ካሉት መታሰቢያዎች ሐሳቡን በጣም የምወድለት ይህንን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ምን ይመስሉ እንደነበር ሠዓሊ ሁሉ በየፊናው ይገምታል፤ ምን ይፈልጉ እንደነበር ግን ሴባስቶፖል የተባለው መድፋቸው አንድ ብቻ ሆኖ ይናገራል። በአደባባዩ ላይ ያለው ቅጂው እንጂ ዋናው አይደለም። ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ የዚህ ጉዞ መጨረሻም ወደዚያው ነው።

ቅዳሜ

ዛሬ ያየሁት የሌለ ሐውልት ነው። ከመስቀል አደባባይ በላይ፣ በአፍሪካ አዳራሽ አካባቢ፣ በደርግ ዘመን የቆመ የሌኒን ሐውልት ነበር። ሌኒን ኮቱን ለብሶ ወደ ፊት ሲራመድ የሚያሳይ ስለነበር፣ የከተማው ሰው ወደ ቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ሊሄድ ነው እያለ ይቀልድበት ነበር። ቀድመው የሄዱት ግን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ እሳቸው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአገር በወጡ በሁለተኛው ቀን ሌኒን በገመድና በማሽን ተጎትቶ ወደቀ። ዛሬ በዚያ የሚያልፉት ወጣቶች ምን ቆሞ እንደነበር ሲጠየቁ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ጋዜጣ ሻጭ አባት ግን ዘወር ብለው እዚህ ጋ ነበር ብለው በእጃቸው አሳዩኝና፣ ቀልዱን ከእኔ በተሻለ አሳምረው ነገሩኝ።

እሑድ

ወደ ፒያሳ የወጣሁት ቅዳሴ ሊወጣ ሲል ነው። የምኒልክ አደባባይ በእሑድ ጧት ከሌላው ቀን የተለየ መልክ አለው፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የሚወጣው ነጠላ የለበሰ ምእመን በሐውልቱ ዙሪያ ሲፈስስ፣ ንጉሡ ሕዝባቸውን የሚያሰልፉ ይመስላል። ጊዮርጊስ የዓድዋ ታቦት በመሆኑ የሐውልቱና የቤተ ክርስቲያኑ ጉርብትና በምክንያት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚሁ አቅራቢያ ስለተሠራ፣ አካባቢው አሁን ለአንድ ቀን ጦርነት የተሰጠ ሰፈር ሆኗል ማለት ይቻላል።

ሐውልቱ ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ፣ ንጉሡ ዘውዳቸውን ደፍተው የተቀረፀ ነው። የተመረቀው በዘውዱ በዓል ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ነውና ከለገሃሩ አንበሳ ጋር እኩያሞች ናቸው። ዕጣቸው ግን ተለያየ። ፋሺስቶች አንበሳውን ለሮም ሕዝብ ማሳያ ሲወስዱት፣ ምኒልክን ግን ለማንም ሊያሳዩ አልፈለጉም፤ በሌሊት ነቅለው ቀበሯቸው። ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው የወራሪው ልብ ወለል ብሎ ይታየኛል። አንበሳ ምርኮ ይሆናል፣ በአደባባይ ይቆማል፣ ይጎበኛል። የዓድዋው ድል አድራጊ ግን በሮም መንገድ ላይ ቢቆም ለማን ያስቃል? የሽንፈታቸውን ምስክር በገዛ ደጃቸው ማቆም ይሆንባቸው ነበር። መቅበር የቻሉት ግን ነሐሱን ብቻ ነበርና፣ አገር ነፃ ሲወጣ ምኒልክ ከነፈረሳቸው ተመልሰው ወደ ቦታቸው ወጡ።

የፈረሱን ሆድ ከሥር ሆኖ ማየት የሚወድ ጎብኚ እንዳለ አላውቅም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እዚያ ጋ እቆማለሁ። ያን የሚያህል ክብደት በሁለት የኋላ እግሮችና በጭራው ላይ ተመጥኖ መቆሙ፣ ተነቅሎ፣ ተቀብሮ፣ ዳግመኛ ተተክሎም አለመዛነፉ የአናጢና የአንጥረኛ ሥራ ለሚያደንቅ ሰው በቂ ትዕይንት ነው። የወጉ ሥርዓት ግን ፎቶ አንሺዎች እንደሚሉት ከፊት ለፊት መቆም ነው፤ አንዱ ከዚያ አይወጣም ጋሼ፣ ንጉሡ አይታዩም ብሎ በትሕትና ወደ ፊት መራኝ።

ጥቂት ወረድ ብሎ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ጳጳሱ ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ያለፉ ሰማዕት ናቸው። የእሳቸው ሐውልት የተነሣው ግን በጠላት ሳይሆን በባቡር ምክንያት ነው። የከተማው ቀላል ባቡር ሲሠራ የሰሜን ደቡቡ መስመር በዚህ አካባቢ በዋሻ ስለሚያልፍ፣ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ሐውልቱ በክሬን ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም በአደራ ተቀመጠ። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ተተከለ። በዚያን ጊዜ የነበረውን የሕዝብ ሥጋት የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው፤ ሄዶ ይቀራል የሚለው ወሬ ከፒያሳ እስከ ኮተቤ ይናፈስ ነበር። አልቀረም። ከድንቅነሽ ጋር በአንድ ግቢ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ተመለሰ። አሁን ከሐውልቱ ሥር የቆመ ሰው ትራፊኩ ጋብ ሲል ከመሬት በታች የሚሄደውን ባቡር ማሰቡ አይቀርም።

ሰኞ

የዛሬው መንገድ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ነው። የአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ሐውልት ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ተመልሰው የገቡበትን ዕለት ያስባል፤ ጣሊያን ከተማዋን የያዘበት ዕለት አምስተኛ ዓመቱ በዚያው ቀን መሙላቱ ከመላው ሐውልት ይበልጥ የሚናገር ነው። ከዚያ ወደ ላይ ሲወጡ በዛፎች መካከል የካርል ማርክስ ራስ አለ። ምሥራቅ ጀርመን የሰጠችው፣ ዮ ያስትራም የተባለ ቀራፂ ከቀይ ግራናይት የሠራው ነው። ሌኒን ሲወድቅ ማርክስ ለምን እንደተረፈ ያልተጠየቀ የከተማ ሰው የለም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ የርእዮተ ዓለም አይደለም። ሌኒን ነሐስ ነበር፣ በአደባባይ ቆሞ ነበር፣ እግሮችም ነበሩት፤ በገመድ ተይዞ የሚጎተት ነገር ነበረው። ማርክስ ግን እግር የሌለው፣ ገመድ የማይዝ ድንጋይ ነው፤ በዚያ ላይ ጥላ ውስጥ ነው። ጢሙ ላይ ያለው የድንጋይ ሸካራነት በእጅ ሲዳሰስ አሁንም ስል ነው፤ ዝናብና ፀሐይ ብዙም አልጎዱትም።

ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ወደ 28 ሜትር ከፍታ ያለው ነጭ ዐምድ ሲሆን፣ በግርጌው በዙሪያው ያሉት የነሐስ ምስሎች የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ናቸው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩበት ዕለት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ቀናት የተፈጸመው ጭፍጨፋ በእነዚህ ምስሎች ላይ በቁሙ አለ፤ የተሰቀለው፣ የተጎተተው፣ ሬሳ የታቀፈችው። ሌሎቹን ሐውልቶች በፈገግታ እየተጨዋወትኩ ያየሁ ቢሆንም እዚህ ላይ ጨዋታ የለም። ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞሬ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባሁ።

ከበሩ ላይ መታወቂያ አሳይቶ፣ በዛፎቹ መካከል ባለው መንገድ ቀጥታ ሲሄዱ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት መኮንኖችም የያዟቸውን መኳንንት የገደሉት በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። ሕንፃው ፊት ለፊት ግን ከታሪኩ ሁሉ በላይ ዓይን የሚይዝ አንድ ነገር አለ፦ ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ።

ደረጃው ሲሚንቶ ነው። እየተጠማዘዘ ይወጣና በባዶ አየር ላይ ያበቃል፤ ከላይ በር የለም፣ ሰገነት የለም፣ የሚደርሱበት ፎቅ የለም። የሠሩት ፋሺስቶች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. ወደ ሮም ዘምቶ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለውን አንድ አንድ ዓመት ያመለክታል። በየዓመቱ አንድ እርከን እየተጨመረ ወደ ሰማይ ይወጣል ብለው ያሰቡት ግዛት ማለት ነው። ከድል በኋላ ደረጃውን ማፍረስ ይቻል ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው፤ በመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

አንበሳው ትንሽ ነው። ከለገሃሩም ከብሔራዊ ቴአትሩም ጋር ሲወዳደር ግልገል ቢባል ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። ነገር ግን ይህን ያህል ብልህ ሐውልት በአገራችን አላየሁም። ጠላት የዘመኑን ቁጥር በደረጃ ቆጠረ፤ ባለአገሩ ደግሞ አንድም እርከን ሳይነካ፣ አንድም ቃል ሳይጽፍ፣ ቁጥሩ እዚህ ላይ አበቃ የሚለውን በአንበሳ ዘጋው። ማፍረስ ቁጣን ያሳያል፤ ይህ ግን ቀልድ የገባው ሰው ሥራ ነው። ቅኔ የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰሙን ጠላት ሠርቶት ወርቁን ኢትዮጵያዊ ጨመረበት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በግቢው የሚያልፉት ተማሪዎች ዞር ብለው አያዩትም፤ ሁለት ልጃገረዶች ብቻ በታችኛው እርከን ላይ ተቀምጠው ደብተር ይገለብጡ ነበር። ለምን እንደተሠራ ስነግራቸው አንደኛዋ ቀና ብላ እርከኖቹን መቁጠር ጀመረች፣ ጓደኛዋ ደግሞ ፈተና አለብን ተነሺ አለቻት።

ማክሰኞና ረቡዕ

እነዚህ ሁለት ቀናት የመንገድ ናቸው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ቆላው መውረድ፣ በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ በኩል ሄዶ እንደገና ወደ ደጋ መውጣት ነው። በማግሥቱ ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ ሄድኩ። መንገዱ አቧራና ጠመዝማዛ የበዛበት ቢሆንም የበሽሎን ገደል ሲያሳይ ሹፌሩ ሳይጠየቅ ያቆማል።

ሐሙስ

መቅደላ አምባ የሚወጣው በእግር ነው። ከአካባቢው የያዝኩት መንገድ መሪ ወጣት በዳገቱ ላይ አንዴም ሳያለከልክ ያወራልኝ ነበር። ከሰላምጌ ሜዳ ቀና ብሎ አምባውን ያየ ሰው፣ ቴዎድሮስ ይህን ቦታ ለምሽግና ለግምጃ ቤት የመረጡበትን ምክንያት ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሴባስቶፖል ከላይ በሣር መካከል አፉን ወደ ሰማይ አጋድሎ አለ። አደባባይ የለውም፣ መብራት የለውም። ስሙ ሩስያ በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችበት የወደብ ከተማ የመጣ ነው። የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያንና ባለሙያዎች እጅ ነው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች ንጉሡ ባዘዟቸው መሠረት ብረት ማቅለጥ ተምረው መድፍ አፈሰሱ፤ መጀመሪያ የሞከሯቸው ሳይሳኩ ቀርተው፣ ይኸኛው ተሳካ። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቅቀው ሲነሡ ይህን ብረት በሠረገላ አስጎትተው፣ ገደሉን በመጥረግ መንገድ እየሠሩ፣ አንዳንዴም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ለእኔ ከመድፉ ይልቅ ድንቁ ያ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን በመኪና መጥቼ ደከመኝ የምል ሰው፣ ያንን ብረት በጂጣ ቁልቁል አውርደው፣ በበሽሎ ሽቅብ ያወጡትን ሰዎች ሳስብ ስለ ድካሜ መናገር አልተመቸኝም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ጦራቸው በእንግሊዝ ጦር ተሸነፈ፤ በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከአምባው የዘረፈውን መጽሐፍ፣ ታቦት፣ ዘውድና ጽዋ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ከንጉሡ አስከሬን የተቆረጠው ጉንጉን እንኳ ሳይቀር እንግሊዝ አገር ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው የተመለሰው። ሴባስቶፖልን ግን ማንም አልወሰደውም። ከዚህ ጉዞ ካየኋቸው ሁሉ በሰው ጉልበት ከሁሉ ይበልጥ የተደከመበት እሱ ነው፤ ካረፈበት በኋላ ግን አንዴም ያልተማረከው፣ ያልተቀበረው፣ ለባቡር ተብሎ ያልተነሣውም እሱ ነው።

መድፉን በእጄ ዳሰስኩት። የአፉ ከንፈር ወፍራም ነው፣ ውስጡም ሰው ክንዱን ቢከት የሚያስገባው ነው፤ ላዩ ላይ የቀላጩ ሥራ ያልጠራባቸው ጎርበጥ ያሉ ቦታዎች ለጣት ይሰማሉ። አዲስ አበባ ያለው ቅጂ ይህን ሸካራነት አልያዘም፤ ቅጂው ንጹሕና የተጠናቀቀ ነው፣ ዋናው ግን ገና ሥራውን የሚማሩ ሰዎች እጅ እንዳለበት ያስታውቃል። መሪዬ ይህን መድፍ ወደ ከተማ ወስዶ ሙዚየም ማስገባት ይሻላል ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። ንጉሡ ወደዚህ ለማምጣት ስድስት ወር ፈጅቶባቸዋል፣ የሚወስደው ሰው መንገዱን ራሱ ይሥራ አለኝ። ደመናው ከበሽሎ በኩል እየወጣ ስለነበር ወደ ተንታ የሚወስደን መኪና ሳያመልጠን ቁልቁለቱን ጀመርን።